ደሴና ኮምቦልቻ፦ የአረጋውያን መጦሪያዎችን ማን ነው የሚያያቸው?

የአይጠየፍ ልጅ — እሁድ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ተወልጄ አድጌ አሁን ኮምቦልቻ ነው የምሰራው። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኔን ያሳደገችኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እትዬ ነው የምላት። ልጅ አልወለደችም። የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ። አንድ ዓመት ያህል ኮምቦልቻ ይዣት ቆየሁ። ቤቴ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ሥራዬ ፈረቃ ነው። ሰራተኛ ቀጠርኩ፣ ሄደች። ሌላ ቀጠርኩ፣ እሷም ሄደች። በመጨረሻ ደሴ ያለ አንድ መጦሪያ ተቀበለልኝ። ስሙን አልጠራም። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ይሄን ከወዲሁ ልበል።

በየእሁዱ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወደ ደሴ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ፈረቃ ተቀየረልኝና ሐሙስ ሳልናገር ሄድኩ። ከምሳ በኋላ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስምንት አልጋ አለ። የእትዬ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃ አልጠጣሽም እንዴ አልኳት። በዓይኗ ወደ ቀኝ አሳየችኝ። ኩባያው ሞልቶ በቀኟ በኩል ተቀምጧል፣ በማይንቀሳቀሰው እጇ በኩል። ውሃው ላይ አቧራ ሰፍሮበታል።

ልብሷን ላስተካክል ብዬ ገልበጥ ሳደርጋት ደግሞ ከወገቧ በታች የሳንቲም ያህል ቆስሏል። እሁድ ስሄድ እኮ ታጥባ፣ ቅባት ተቀብታ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ ነው የማገኛት።

ተንከባካቢዋ ልጅ ብቻዋን ናት፣ ላብ በላብ ሆናለች። እሷን መቆጣት አልቻልኩም። በማግስቱ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። እኛን አይመለከትም አሉኝ። ሁለተኛው ቢሮ «ፈቃድ የሰጠው ሌላ አካል ነው» አለኝ። ሶስተኛው ጋ ስደርስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ።

ምግብ ቤት ሲከፈት ኩሽናውን የሚያይ አለ። ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ፈቃዳቸውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። መጦሪያውን የሚያየው ማን ነው? በምን መስፈርት? ስንት ጊዜ? የምታውቁ ንገሩኝ።


ፒያሳ 07 — እሁድ ማታ 3፡15

ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ። ያሳደገችሽን ሰው መጦሪያ አስገብተሽ ማን ይቆጣጠር ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። በወሎ እንዲህ አልነበረም። ሽማግሌ ቤት ውስጥ ነው የሚጦረው። ቁጥጥሩ ከራስ ይጀምር።


ጅዳ ደርሶ መልስ — እሁድ ማታ 3፡50

@ፒያሳ 07 ወንድሜ፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው አንስተህ ታውቃለህ? እኔ ጅዳ ስድስት ዓመት የሰው እናት አስታምሜያለሁ። የራሴ እናት ያኔ ሐይቅ ላይ ጎረቤት ነበር የሚያያት። ስንቱ የኛ ቤት እንዲህ ነው? ልጁ ተሰዷል፣ ወይ ፋብሪካ ገብቷል፣ ወይ በጦርነቱ የለም። እህታችን አንድ ዓመት ይዛታለች። እሁድ እሁድ ትሄዳለች። ተዋት።

አንቺ እህቴ፣ ለቁስሉ ነገ ዛሬ አትበይ። ሐኪም ይየው። አልጋ የያዘ ሰው ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መቀየር አለበት። አጥንቱ ገፋ ያለበት ቦታ ነው የሚጎዳው፤ ከወገብ በታች፣ ዳሌ፣ ተረከዝ። እኔን ያስተማረችኝ ነርስ አንድ ነገር ነግራኛለች። በኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ቶሎ አይታይም። በእጅ ነው የሚታወቀው። ቦታው ከሌላው ይሞቃል፣ ወይ ጠጠር ይላል። ያኔ ከተደረሰበት ሳይቆስል ይመለሳል። ስለዚህ ስትሄጂ ተረከዟን በእጅሽ ዳብሺ።

የውሃውም ነገር እውነት ነው። ያረጀ ሰው ብዙ ጊዜ ጥሙ እንደ ድሮው አይሰማውም። አምጡልኝ አይልም። ማጠጣት ነው እንጂ ማስቀመጥ አይበቃም።


ነጃት — እሁድ ማታ 4፡02

አላህ ያሽርልሽ እህቴ። እየተከታተልኩ ነው።


ቦርከና ዳር — ሰኞ ጠዋት 1፡30

በማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ አሁን ወጥቻለሁ። ከቢሮ ቢሮ የተንከራተትሽው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ ሶስት ቦታ ተከፋፍሎ ነው የተቀመጠው።

አብዛኛው መጦሪያ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ከአንድ ክልል በላይ የሚሰራ ከሆነ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዘገባል። በአንድ ክልል ብቻ የሚሰራውን ክልሉ ይመዘግበዋል። አዋጁ በዋናነት የሚጠይቀው የሥራና የሂሳብ ሪፖርት ነው። አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ ነው። ግን የሂሳብ ሪፖርት ላይ የእትዬ ወገብ አይታይም።

ቀጥሎ ማኅበራዊ ጉዳይ አለ። በፌዴራል ደረጃ ከ2014 ወዲህ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ይባላል። ከሱ ሥር የክልል ቢሮ፣ የከተማ መምሪያ፣ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። የአረጋውያን ጉዳይ የዚህ መስመር ነው። ያንቺም አቤቱታ መግባት ያለበት እዚህ ነው። ችግሩ አንዱ ባለሙያ ሕፃናቱንም፣ አካል ጉዳተኛውንም፣ ተፈናቃዩንም ይዞ ነው የሚሮጠው። ጉብኝት ሲኖርም እኔ በሰራሁበት ጊዜ አስቀድሞ በደብዳቤ ይታወቅ ነበር። ቀኑ የታወቀ ጉብኝት ላይ አንሶላው ሁሉ ነጭ ነው።

ጤናው ደግሞ ለብቻው ነው። ግቢው ውስጥ ክሊኒክ ካለ ክሊኒኩ በጤና ተቋም መስፈርት ይታያል። ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል ግን ክሊኒክ አይደለም። ከሄድሽባቸው ቢሮዎች አንዱ ጤና ከሆነ፣ «እኛን አይመለከትም» ያለሽ ለዚህ ይሆናል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል። ከ1998 እስከ 2007 የአረጋውያን ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር ነበር። በ2007 የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ መጣ። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ሀሳቡ አረጋዊ በቤተሰቡና በሰፈሩ ውስጥ ይደገፍ ነው። ትክክል ነው፣ እኔም አምንበታለሁ። ደሴ ራሷ የከተማ ሴፍቲኔት ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፣ ጧሪ ለሌለው አረጋዊ ቀጥታ ድጋፍ ይከፈል ነበር። በኔ እይታ ግን ትኩረቱ ቤተሰብ ላይ ስለሆነ፣ መጦሪያ የገባው ሰው ዕለት ተዕለት ምን ይደረግለት የሚለው ሳሳ። ዛሬ መጦሪያው በዝቷል። ዓይኑ አልበዛም።

አቤቱታሽን በጽሑፍ አድርጊው። ቀን፣ ሰዓት፣ ያየሽው። ለመዝገብ ቤት ስትሰጪ ቅጂሽ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ተቀበይ። ቢሮው ካልመለሰልሽ እንባ ጠባቂ አለ፣ ሥራው ከአስተዳደር መሥሪያ ቤት ጋር የሚነሳ ቅሬታን ማየት ነው። ኢሰመኮም (የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን) ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን መብት የተመደበ ኮሚሽነር አለው።


የሳላይሽዋ — ሰኞ ከሰዓት 9፡20

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። ዘጠኝ ዓመት ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም እዚህ ያለ መጦሪያ ሰርቻለሁ፣ አሁንም ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ። እዚህ ከእኔ ጋር ስንት የወሎ ልጅ አለ መሰላችሁ! የሰው አባትና እናት እያገላበጥን የራሳችንን በስልክ ነው የምንጠይቀው።

እዚህ ያለውን ልንገራችሁ። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ሽማግሌን አልጋና ወንበር ላይ ማሰር የተለመደ ነበር። አሁን ለሠራተኛው እንዲመች ብሎ ማሰርም በመድኃኒት ማፍዘዝም ክልክል ነው። የመንግሥት መድን ገንዘብ የሚቀበል ቤት ሁሉ ቢዘገይ በ15 ወር ውስጥ አንዴ ይፈተሻል። የሚመጡት የስቴቱ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ሳይናገሩ ነው የሚመጡት። ቀኑን አስቀድሞ ሹክ ያለ ሰው እንዲቀጣ ሕጉ ራሱ ይላል፣ መጀመሪያ ሲወጣ እስከ 2,000 ዶላር ነበር። በመሃል ደግሞ ሰው ስሞታ ካቀረበ ለዚያ ብለው ይመጣሉ።

መጥተው ምን ያያሉ? ወረቀት ያያሉ፣ አዎ። ግን አብዛኛውን ሰዓት ቆመው ነው የሚያዩት። ምግቡ አልጋ ላይ ሲደርስ ትኩስ ነው ወይ? ነርሷ መድኃኒት ስታድል አብረው ይዞራሉ። ደወል ተጫኑና ስንት ደቂቃ ቆየ? ነዋሪዎቹን እኛ በሌለንበት ያነጋግራሉ። አንዴ እኔ ባለሁበት ፎቅ አንዷ ተቆጣጣሪ የአንዲት እናት አልጋ አጠገብ ወንበር ስባ ዝም ብላ ተቀመጠች። ሃያ ደቂቃ። ምንም አልጻፈችም። ከዚያ ተነስታ «ጥርሷ የት ነው?» አለችን። አርቴፊሻል ጥርሷ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሴትዮዋ ለሶስት ቀን ሾርባ ብቻ ነበር የጠጣችው። እኛ ስላልራባት መስሎን ነበር። ያን ቀን አልረሳውም።

የተገኘው ጥፋት ከኤ እስከ ኤል በፊደል ይመዘናል፣ ምን ያህል ከባድ ነው፣ ስንት ሰው ነክቷል ተብሎ። ውጤቱ ማንም የሚያነበው ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ኢንተርኔት ላይም ይወጣል። ለሲኤንኤ ስልጠና ደግሞ የፌዴራሉ ዝቅተኛ 75 ሰዓት ነው። ማገላበጥ፣ ማብላት፣ ማጠብ፣ ክብር መጠበቅ።

ይሄ ሁሉ ኖሮም የሚበደል ሰው አይጠፋም። አይቻለሁ። ሠራተኛ ሲያንስ የትኛውም ሕግ አይገላብጥም።


አንድ ኩባያ — ሰኞ ማታ 3፡05

እኔ እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው የምሰራው። የት እንደሆነ ይቅር። ሳነብ ቆይቼ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

እኛ ጋ አልጋ የያዙ 14 ሰዎች አሉ። ማታ ሁለት ነን። አንዱን ሰው ሁለታችንም ይዘን ማገላበጥ፣ ካረጠበ መቀየር፣ መጥረግ፣ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። አስሉት። የመጨረሻው ጋ ስደርስ የመጀመሪያው ሰዓቱ አልፏል። ውሃ ሲጠፋ በጀሪካን ነው። መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት ነው።

ሰው ይመጣል። እግዜር ይስጠው። ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለሙት ዓመት ምሳ ያበላል፣ ፎቶ ይነሳል። በበዓል ሰሞን እንጀራ ተርፎ ይደርቃል። ዳይፐር የሚያመጣ ግን ጥቂት ነው። ጓንት የሚያመጣ ጥቂት ነው። «ማታ ላግዛችሁ» ያለ እስካሁን አንድ ልጅ ብቻ ነው።

ቁጥጥር አልጠላም። ይምጡ። ግን ዘግተውብን አይሂዱ። ቢዘጋ እነዚህ ሰዎች የት ይሄዳሉ? አንዳንዶቹን ከጎዳና ነው ያነሳናቸው። ልጅቷ ላብ በላብ ሆናለች ብለሽ ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ እህቴ። ኩባያው የኛም ቤት ጥፋት ሊሆን ይችላል። ነገ ጠዋት ሁሉንም ዞሬ አያለሁ።


የሳላይሽዋ — ማክሰኞ ጠዋት 12፡45

@አንድ ኩባያ እህቴ፣ እጅሽን አላህ ይባርከው። ጥያቄሽ ትልቅ ነው። እዚህም ቢሆን መዝጋት የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ ጥፋቱ ተጽፎ ለቤቱ ይሰጣል። ቤቱ በበኩሉ ምን እንደሚያደርግ፣ ማን እንደሚያደርገው፣ እስከ መቼ እንደሚጨርስ ጽፎ ይመልሳል። ቀኑ ሲደርስ ተመልሰው ያያሉ። ካልተስተካከለ ቅጣት ይመጣል፣ አዲስ ለሚገባ ሰው የመንግሥት ክፍያ ይከለከላል። ከባድ አደጋ ካለ ደግሞ ወዲያው እንዲስተካከል ያስገድዳሉ። አንድን ሰው ማስወጣት ካስፈለገም በአብዛኛው የ30 ቀን ማስታወቂያ በጽሑፍ ይሰጣል።

ሌላም ሰው አለ። እያንዳንዱ ስቴት ውስጥ የነዋሪዎቹን ቅሬታ የሚሰማ ኦምቡድስማን አለ፣ ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የመቅጣት ሥልጣን የለውም። ይመጣል፣ ያያል፣ ይጠይቃል። የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለኔ ከተቆጣጣሪው እኩል የሚጠቅመው እሱ ነው።


ብርዳሙ ለንደን — ማክሰኞ ጠዋት 3፡10

በአጭሩ ልጨምር። እንግሊዝ ውስጥ ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ። ቤቶቹን በአራት ደረጃ ነው የሚያወጣቸው፤ እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ፣ መሻሻል ያለበት፣ ብቁ ያልሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ቤቱ ውጤቱን ሰው በሚያየው ቦታ የመለጠፍ ግዴታ አለበት። ለአጎቴ ቤት ስንፈልግ በር ላይ ያለችውን ወረቀት አንብበን ነው አንዱን ጥለን የወጣነው። አበባውና ሶፋው አምሮ ነበር።


የቅሬ ጸሐፊ — ማክሰኞ ማታ 1፡55

ልጆቼ፣ እኔ ስልክ ላይ መጻፍ ይከብደኛል፣ የልጅ ልጄ እየጻፈልኝ ነው። የሰፈራችን ቅሬ (ሌላው አገር ዕድር የሚለው) ጸሐፊ ነኝ፣ ዕድሜዬ ከ70 አልፏል። ስለዚህ የምታወሩት ስለኔ ነው።

አሜሪካና እንግሊዝ ያለውን ሰማሁ። ደግ ነው። መንግሥትም መስፈርቱን ያውጣ፣ ባለሙያውን ይመድብ። እስከዚያ ግን እትዬ ውሃ ይጠማታል። እኛ ወሎዎች ቅሬ አለን። እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይዘን በሰዓቱ እንደርሳለን። አንድ ሰው ቢቀር ስሙ ይነበባል፣ ይቀጣል። እዚያ መጦሪያ ውስጥ ያሉትን አብዛኞቹን ስትጠይቋቸው የአንድ ሰፈር ቅሬ አባል የነበሩ ናቸው። መዋጮ ሲያቅታቸው ስማቸው ተሰረዘ። እኔ ራሴ በዚህ እጄ ሰርዣለሁ።

ታዲያ በየሳምንቱ ተራ የደረሰው ሁለት ሰው ለምን አይሄድም? ቁጥጥር ካላችሁ ሰው ይሸሻል። ጥየቃ በሉት። ዚያራ በሉት። የታመመን መጠየቅ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም የታዘዘ ነው። ቀኑን ግን አትናገሩ። አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ማታ። ሄዶ ተረከዝ የሚዳብስ፣ ኩባያው የት እንዳለ የሚያይ፣ የጎደለ ዳይፐር የሚቆጥር። የጎደለውን ይጻፍ፣ ቅሬው ይሙላ። የከፋውን ለቢሮው በማኅተም ይላክ። የአንድ ሰው ማመልከቻ መሳቢያ ይገባል። የቅሬ ማኅተም ያለበትን ለመሳቢያ አይደፍሩትም።


ቦርከና ዳር — ረቡዕ ጠዋት 2፡15

ጋሼ፣ ሀሳብዎ ልቤን ነክቶታል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ከቤቱ ኃላፊ ጋር አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል፤ ቀኑን ሳይሆን መግባቱን። አለበለዚያ ዘበኛው በር ላይ ይመልሳችኋል። ፎቶ ደግሞ ፈጽሞ አይነሳ። ራቁቷን የምትታጠብ እናት ፌስቡክ ላይ ከወጣች ከቁስሉ ይብሳል። ገላን ማየት የሚገባውም ሴቶቹን ሴት፣ ወንዶቹን ወንድ ይሁን፣ እሳቸውም ሲፈቅዱ። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፣ ቤታቸው ነውና።

ቅሬው መኖሩ ደግሞ ቢሮውን አያሳርፈው። ግዴታው የመንግሥት ነው። በየወሩ ጠይቁት።


ፒያሳ 07 — ረቡዕ ማታ 2፡30

እሁድ የጻፍኩትን ዛሬ ደግሜ አነበብኩት። እህቴ ይቅር በይኝ። እናቴ ቤት ናት፣ አራት ወንድማማቾች ነን፣ የምታገላብጣት ግን አንዷ እህታችን ብቻ ናት። እሷ ምን ያህል እንደደከመች እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም። ለቅሬው ተራ እኔን ጻፉኝ።


የአይጠየፍ ልጅ — ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ማታ 3፡00

የሆነውን ልንገራችሁ። ማመልከቻዬን ጽፌ አስገባሁ፣ ቅጂዬ ላይ ማኅተም አለ። መልስ ገና ነው። በወሩ መጨረሻ እመለሳለሁ።

ቁስሉን ሐኪም አይቶታል። ጥልቅ አይደለም፣ በየቀኑ እየታጠበ ነው። ጋሼ የቅሬውን ሊቀመንበር ይዘው ከመጦሪያው ኃላፊ ጋር ተነጋገሩ። እኔ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰውዬው ግን ዝም ብለው ቆዩና «ማታ ማታ ብቻችንን ነን» አሉ። ሌላ ብዙ አልተናገሩም። አንድ ደብተር ተገዝቶ በር አጠገብ ተሰቅሏል። የገባው ሰው ቀን፣ ሰዓት፣ ያየውን ይጽፋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው «ጓንት አልቋል። የሦስተኛው ክፍል አምፖል ተቃጥሏል። አቶ እገሌ ጫማ ይፈልጋሉ» ይላል። ስማቸውን ትቼዋለሁ። ጫማው በማግስቱ መጥቷል።

ዛሬ ሳልናገር ሄድኩ። ከምሳ በኋላ፣ ልክ እንደዚያ ቀን። ተንከባካቢዋ ያቺው ልጅ ናት። እትዬ በጎኗ ተኝታለች፣ ከጀርባዋ ትራስ አለ። ተረከዟን ዳበስኩት፣ ከሌላው ቆዳዋ አይለይም፣ አይሞቅም፣ አልጠጠረም። ኩባያው በግራዋ በኩል ነው፣ ግማሽ ደርሷል። እጀታው ወደ እሷ ዞሯል።


ፒያሳ 07 — ሐሙስ ማታ 3፡20

አልሐምዱሊላህ። የኔ ተራ ማክሰኞ ነው፣ ከመግሪብ በኋላ። ዳይፐር ትልቁን ቁጥር ነው ወይ የሚፈልጉት?


አንድ ኩባያ — ሐሙስ ማታ 3፡26

መካከለኛውን አምጣ ወንድሜ። ትልቁ ይፈስባቸዋል። አቅም ካለህ ዚንክ ኦክሳይድ ቅባትም ጨምር።